መልቀቂያ ያስገባ መምህር በተተኪው ቅጥር ላይ ይቀመጥ?

አዌቱ ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለቤቱ። ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጣችሁ፣ ጅማም ሆነ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ።

አንድ ዲፓርትመንት 9 መምህራን አሉት እንበል። አንዱ ለሰኔ መጨረሻ መልቀቂያ አስገብቷል። ዲፓርትመንቱ ተተኪ ለመጠየቅ ሲሰበሰብ ይሄ ሰው አሁንም የጉባኤው አባል ነው። መስፈርት ሲወጣ አለ፣ ፈተና ሲዘጋጅ አለ፣ ነጥብ ሲሰጥም አለ። ደመወዙ እየተከፈለው ስለሆነ ማንም ውጣ ሊለው አይደፍርም። ግን ከሚመርጠው ሰው ጋር አንድ ቀን እንኳ አብሮ አይሠራም።

ጭራሽ አይቀመጥ የሚሉ አሉ። እሱ ከወጣ ኮርሱን የሚያውቅ ሰው የለም፣ ታዲያ ማን ይፈትን የሚሉም አሉ። ጡረታ የሚወጣው፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወረውና ውጭ አገር የሚሄደው በአንድ ዓይን ይታዩ ወይ? "የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው" የሚለውን ተዉልኝ፣ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። አሠራሩን ንገሩኝ።


ቃለ ጉባኤ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

"ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ" ብለህ ከያዝከው ስትከራከር ታመሻለህ። ቅጥር አንድ ውሳኔ አይደለም። ሰው ያስፈልጋል ወይ፣ በየትኛው ሙያና ማዕረግ፣ ማስታወቂያው ላይ ምን ይጻፍ፣ ማን ይፈትን፣ ማን ነጥብ ይስጥ፣ ቅሬታ ሲመጣ ማን ይመልስ፤ ይሄ ሁሉ ለየብቻው ነው። የሚለቀው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከማንም አብልጦ ያውቃል። ለመጨረሻው ግን በቦታው አይኖርም። ቅሬታ የሚገባው ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ነዋ። ተወዳዳሪው "ክፍል ውስጥ ገለጻ ላይ ከ20 ለምን 4 ተሰጠኝ?" ብሎ ሲመጣ ነጥቡን የሰጠው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ራሱ ያልሰጠውን ነጥብ ይዞ ዲኑ ፊት ይቆማል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ስለዚህ መስመሩን ማስታወቂያው ላይ አስምረው። ማስታወቂያው ወደ ሰው ሀብት ከመላኩ በፊት የሚያውቀውን በጽሑፍ ይስጥ፤ ከተላከ በኋላ ከአጀንዳው ይውጣ።

ጽሑፉ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። በመጀመሪያ ሎዱ፣ ማለትም የማስተማር ጫናው፣ በቁጥር። ሁለት ባለ 3 ሰዓት ኮርስ ቢያስተምር 6 ነው፤ በሳምንት 3 ሰዓት የሚወስድ ላብራቶሪ ለሁለት ሴክሽን ቢሰጥ፣ የላብራቶሪ ሰዓት በ0.67 ሲባዛ ወደ 4 ይጠጋል፤ ድምሩ ከሙሉው ሎድ ከ12 ውስጥ 10 ሆነ ማለት ነው። ይሄ ካልተጻፈ "ክፍተት የለም፣ ተካፍላችሁ ሸፍኑት" የሚል መልስ ከላይ ሲመጣ የምትከራከርበት ወረቀት የለህም። ከዚያ የሚያማክራቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብዛትና የደረሱበት ደረጃ፤ እሱ ብቻ የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ፤ ቀሪዎቹ ሊሸፍኑት የሚችሉት ኮርስ የትኛው እንደሆነና የማይችሉት የትኛው እንደሆነ። የሰው ስም ግን አይጻፍበትም። ስም ካለበት የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ቦታውም የአመልካቹ ፋይል ውስጥ ነው።

አሁን ዋናው። የሚለቅ ሰው ተፅዕኖ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ አይታይም፤ ማስታወቂያው ላይ ሁለት ቃል ሲጨምር ነው የሚያልፈው። "በአፈር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው/ያላት" ብትል ሃያ ሰው ያመለክታል። "በአፈር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ኖሮት የመመረቂያ ጽሑፉን በአሲዳማ አፈር የኖራ አጠቃቀም ላይ የሠራ" ብትል የሚያመለክተው አንድ ሰው ነው፤ አማካሪውም ማን እንደሆነ አገር ያውቃል። የጅማ አካባቢ አፈር አሲዳማ ስለሆነ መስፈርቱ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ማንም የማይቃወመው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ይህን መስፈርት የሚያሟሉ ተመራቂዎች ቢያንስ ከሦስት የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይወጣሉ ወይ? አይወጡም ከተባለ የጠበበውን ሐረግ ከመስፈርት አውጥተህ "ቢኖር ተመራጭ ነው" ውስጥ ክተተው፤ ከ100 ከ5 ነጥብ አይበልጥ።


ኪቶ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ ቃለ ጉባኤ ያሉት ላይ ቁጥር ልጨምር፤ "አንድ ድምፅ ምን ያመጣል" የሚል ሰው ሁልጊዜ ስለማይጠፋ።

አምስት ነጥብ ሰጪዎች፣ ሁለት ተወዳዳሪዎች። ቀሪዎቹ አራቱ ለአንደኛው 78፣ 80፣ 76፣ 79 ሰጡ፤ ለሁለተኛው 72፣ 71፣ 74፣ 70። የሚለቀው ሰው ለአንደኛው 40፣ ለሁለተኛው 95 ሰጠ። ያለ እሱ አማካዩ 78.25 ለ71.75 ነው፤ አንደኛው በሰፊው ያሸንፋል። ከእሱ ጋር 70.6 ለ76.4 ሆነ፤ ሁለተኛው አለፈ። አራት ሰው የተስማማበትን አንድ ሰው ገለበጠው። ልብ በሉ፣ ድምፁ ከአምስት አንድ ነው፤ የነጥቡ ክብደት ግን እስከፈለገው ይለጠጣል። እጅ በማውጣት ቢሆን ኖሮ 4 ለ1 ይሸነፍ ነበር።

ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጥሎ አማካይ መውሰድ ይረዳል። ከላይ ባለው ምሳሌ 77.67 ለ72.33 ይሆናል፤ ውጤቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ግን ሦስት ሰው ባለበት ኮሚቴ አይሠራም፤ ሁለቱን ከጣልክ አንድ ሰው ቀረ፣ ያ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ነው። አምስት ካልሞላ እንዲህ አድርጉ፦ ነጥቡ ከመደመሩ በፊት በሁለት ሰጪዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ከበለጠ ሁለቱም ምክንያታቸውን አንድ አንድ መስመር ይጻፉ። 40 የሰጠ ሰው ለ40 ምክንያት መጻፍ ሲጠየቅ እጁ ይከብደዋል።

ሌላም አለ። ተቀራራቢ ነጥብ ላመጡ ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጣል። አንድ የተጋነነ ነጥብ ተቀራራቢውን ርቆ እንዲታይ ያደርገዋል፤ ቅድሚያው የሚሠራበት ዕድል ራሱ ይጠፋል። ይሄን ማንም አይቆጥረውም።


መልኮ መንገድ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ለምህንድስና ሰዎች ቀላል ነው፤ አንድ ሲቪል ቢሄድ ሌላ አምስት አለ። በእርሻው በኩል አንድ ሙያ ላይ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ዲፓርትመንት ሞልቷል። የቡና በሽታ የሚያስተምረው አንድ ሰው ነው እንበል፤ እሱ ከፈተናው ይውጣ ካልን ጥያቄ የሚያወጣው ማን ነው? ቀሪዎቹ ሰብል ጥበቃ ያውቃሉ፣ ቡናን ግን በመጽሐፍ ነው የሚያውቁት። ያኔ የሚወጣው ጥያቄ ሽምደዳ ይሆናል፦ "የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መቼ ታየ?" መልሱ በአውሮፓውያን 1971 ነው፤ ጅማ ውስጥ ይህን የማያውቅ አመልካች የለም። "74110 የተባለው የቡና ዝርያ ለምን 74 ተባለ?" በአውሮፓውያን 1974 የተመረጠ ስለሆነ። ይሄ ሰውን ከሰው አይለይም።

የሚለየው ጥያቄ እንዲህ ያለው ነው፦ የችግኝ ግንድ ላይ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊዮን የበሽታው ፈንገስ ስፖር ረጭተህ ስትፈትን ተጋላጭ መሆኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ ሞተ፣ ቻይ መሆኑ የታወቀውም ሞተ። ከዚህ ሙከራ ስለ አዲሱ ዝርያ ምን ማለት ትችላለህ? ትክክለኛው መልስ "ምንም" ነው፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ ያስረዳል፤ የማነጻጸሪያው ዘር ተቀላቅሎ ይሆናል፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ከልክ አልፎ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሙያው ውስጥ ካልሆነ አይመጣም።

ስለዚህ ፈታኙን ከውጭ አምጡ። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ መልኮ ነው፤ የአገሪቱ የቡና ምርምር የሚመራበት ቦታ። ለሌላ ሙያ ሐዋሳ ወይም ሐረማያ ጻፉ። የሚለቀው ሰው 20 ጥያቄ ከነመልስ ሐሳቡ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ በታሸገ ፖስታ ይስጥ፤ የውጭው ፈታኝ ከዚያ ውስጥ የወደደውን 4 ወይም 5 ይምረጥ፣ የራሱን ይጨምር። የሚለቀው ሰው የትኛው እንደተመረጠ አያውቅም፤ ለተማሪው ሊነግረው ቢፈልግ እንኳ የሚነግረው 20 ነው። መልስ ወረቀት ላይ ስም ሳይሆን ኮድ ይጻፍ፤ ኮዱንና ስሙን የሚያገናኘውን ዝርዝር ከኮሚቴው ውጭ ያለ ሰው ይያዝ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የውጭ ፈታኝ አበልና የትራንስፖርት ወጪ አለው። ማስታወቂያው ሲጠየቅ አብሮ ካልተጠየቀ በጀት የለም ይባልና ፈተናው ተመልሶ እዚያው ሰውዬ እጅ ይወድቃል። ሁልጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።


ጠያቂ ነኝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ሁላችሁም የሚለቀውን ሰው ብቻ ነው ባለጉዳይ ያደረጋችሁት። ቀሪዎቹስ?

አዲስ የሚገባ ሰው ከቀሪዎቹ ጋር የሚካፈለው ነገር ብዙ ነው። የክረምትና የማታ ትምህርት ክፍያ፣ የምርምር ገንዘብ፣ የማስተርስ ተማሪ ማማከር፣ የዩኒቨርሲቲ ቤት ወረፋ፣ ነገ ደግሞ የኃላፊነቱ ወንበር። ጠንካራ ሰው ሲመጣ ድርሻው የሚሸረፈው የማን ነው? ስምንቱ ቀሪዎች "ከሁሉም ጋር የሚግባባ" የሚሉት ሰው ብዙ ጊዜ የማያስፈራቸውን ሰው ነው። የሚለቀው ሰው ግን የሚያጣው ድርሻ የለም። ከኪቶ ማዶ ምሳሌ ላይ ስሞቹን ብታለዋውጡት፣ አራቱ ደካማውን ለማሳለፍ ተስማምተው አንዱ ብቻ እውነቱን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚጥል ስሌት እውነቱንም ጥሎት ያልፋል።


ቃለ ጉባኤ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጠያቂ ነኝ፣ ይሄ የተነገረ እውነት ነው፣ አልክድህም። ብዙ ዲፓርትመንት የሚዳከመው በሚለቁት ሳይሆን በሚቀሩት ምርጫ ነው።

ግን መድኃኒቱ ለሚለቀው ሰው ነጥብ መስጫ ወረቀት መስጠት አይደለም። የጻፈው ሁለት ገጽ የቅጥሩ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቁጠር። ኮሚቴው ከዚያ ከወጣ፣ ለምሳሌ እሱ "የላብራቶሪ ልምድ የግድ ነው" ብሎ ኮሚቴው ልምድ የሌለውን ከመረጠ፣ ለምን እንደወጣ በቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት መስመር ይጻፍ። ይሄ ወረቀት ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ሲሄድ ዲኑ ሁለቱን ያስተያያል። ድምፅ ሳይኖረው ክብደት አለው ማለት ነው። ከድምፅ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ይረሳል፣ ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ይቆያል፣ ኦዲት ሲመጣም ይነበባል።

በዚያ ላይ የሚለቀው ሰው ሁልጊዜ ነጻ ነው ያለህ ማነው? ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወደ ተመሳሳይ ዲፓርትመንት የሚሄድ ሰው ጎበዙን አመልካች ለአዲሱ ቤቱ ቢፈልገውስ? ተጣልቶ የሚወጣስ? እሱ "ይሄ ሙያ እዚህ አያስፈልግም፣ ይዘጋ" ብሎ ቢጽፍ ወንበሩን ይዞት ሄደ ማለት ነው። ጡረታ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የራሱን ቅጂ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲቀጥልለት። አዌቱ ዳር በአንድ ዓይን ይታዩ ወይ ያልከው፣ የሚፈተኑበት ነገር ይለያያል፣ የሚወጡበት በር ግን አንድ ይሁን። ለእያንዳንዱ የተለየ ሕግ ካወጣህ "እኔ የተጣላሁት አይደለሁም" ሲል የሚውል ሰው ታተርፋለህ።


ፈረንጅ አራዳ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

የውጭውን ልጨምር፤ "እዚያ እንዴት ነው" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ጀርመን ውስጥ ወንበር የሚለቅ ፕሮፌሰር በተተኪው መራጭ ኮሚሽን ውስጥ አለመቀመጡ የቆየ ሥርዓት ነው። የራስን ቤት ሰው በቀጥታ ወደ ፕሮፌሰርነት ማሳደግም በልዩ ምክንያት ካልሆነ አይፈቀድም፤ ሰውየው መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሄዶ መሥራት አለበት። ምክንያታቸው ጋሼ ቃለ ጉባኤ "የራሱን ቅጂ" ያሉት ነው።

አሜሪካ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እስከ 1993 መጨረሻ ድረስ ቋሚ ፕሮፌሰርን በ70 ዓመቱ በግድ ጡረታ ማስወጣት ይቻል ነበር፤ ከጥር 1994 በኋላ ግን በዕድሜ ብቻ ማስወጣት ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣበትን ቀን የሚወስነው ራሱ ስለሆነ "በሙያዬ ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ እወጣለሁ" ብሎ መደራደር ይችላል። በዚያ ላይ ወንበሩ ለዲፓርትመንቱ ይመለሳል የሚል ዋስትና የለም፤ ዲኑ ወስዶ ለሌላ ሙያ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ የሚለቅ ሰው እዚያ ተፅዕኖ የሚያሳድረው ከመልቀቁ በፊት ነው።

እኛ ጋ የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ የልደት ቀኑም ሰው ሀብት ፋይል ውስጥ አለ። ማን በየትኛው ዓመት እንደሚወጣ ከአሁኑ አምስት ዓመት አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ጡረተኛን መተካት ድንገተኛ የሚሆነው ማንም ስለማያይ ብቻ ነው። ደርሶ ሲደነገጥ ደግሞ የቅርብ ሰው ይያዛል፤ የቅርብ ሰው ማለት የሚወጣው ሰው ተማሪ ነው።


ሰነድ ቤት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡45

እናንተ ስለ ኮሚቴ ታወራላችሁ፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ኮሚቴ ሳይደረስ ነገሩ የሚቆምበትን ልንገራችሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ መልቀቂያ የሚያስገባው ከአንድ ወር በፊት ነው። ከጥያቄ እስከ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያ እስከ ፈተና፣ ከፈተና እስከ ማጽደቅ ያለው ግን በአንድ ወር አያልቅም። ስለዚህ የሚለቀውና የሚተካው ተገናኝተው ሥራ የሚረካከቡበት ቀን በወረቀት ላይ የለም። "አብረው ሁለት ሳምንት ይሥሩ" የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል፤ መደቡ አንድ ነው፣ አንድ መደብ ላይ ሁለት ደመወዝ አይከፈልም። ማድረግ የሚቻለው የሚለቀው ሰው መልቀቂያውን በሴሚስተሩ መጨረሻ እንዲያደርግ መነጋገርና ጥያቄውን እሱ ገና ሥራ ላይ እያለ ማዘጋጀት ነው።

መደቡ ክፍት ሆነ የሚባለው ሰውየው ሄዷል ሲባል አይደለም፤ ክሊራንስ፣ ማለትም ከየክፍሉ ዕዳ የለበትም የሚል ፊርማ፣ ጨርሶ ከደመወዝ መክፈያ ሲወጣ ነው። ክሊራንሱ የሚያዝባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት፣ ፋይናንስ፣ የዩኒቨርሲቲ ቤት ከነበረው የቤት አስተዳደር፣ ከሁሉም በላይ ንብረት ክፍል። በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ማድረጊያ ደረሰኝ፣ በስሙ የወጣ ላፕቶፕ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ጂፒኤስ አለ፤ ዕቃው ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ስሙ ግን አልተቀነሰም። ተረካቢ ተመድቦ ሞዴሉ በስሙ ካልተዛወረ ንብረት ክፍል አይፈርምም፤ ንብረት ክፍል ካልፈረመ መደቡ ክፍት አይሆንም፤ መደቡ ክፍት ካልሆነ እናንተ ስለምን ኮሚቴ ነው የምትከራከሩት? ያልሞላው የተማሪ ውጤትም አለ። ውጤት ሳይሞላ የሄደ መምህርን በስልክ ማሳደድ የሬጅስትራር ዕለታዊ ሥራ ነው።

ለትምህርት ወጥቶ የቀረ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። መልቀቂያ አላስገባም፣ ግን የለም። ውል አለበት፣ ዋስ አለው። ውሉ እስኪጣራ፣ ዋሱ እስኪጠራ፣ ስንብቱ እስኪጸድቅ ስሙ መደቡ ላይ ይቆያል። ይሄ ሰው በቅጥር ውሳኔ ላይ ከማንም በላይ ተፅዕኖ አለው፤ አንድ ቃል ሳይናገር ቅጥሩን አስቁሞታል። ዲፓርትመንቱ ማድረግ ያለበት የመመለሻ ቀኑ ባለፈ ማግስት በደብዳቤ ማሳወቅ ነው። "ይመጣ ይሆናል" ተብሎ በዝምታ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሴሚስተር ከኋላ ይጨመራል።


አዌቱ ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እህታችን ሰነድ ቤት፣ ሞዴል 22 እዚህ ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤም አላውቅም፤ እግዜር ይስጥልን።

ጋሼ ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። 60 ሞልቶት ጡረታ ወጥቶ በኮንትራት የሚቀጥል ፕሮፌሰርስ? ለቋል ወይስ አለ? ተተኪው ሲቀጠር አብሮት ይሠራል፣ ስለዚህ "አንድ ቀን አብሮ አይሠራም" ያልኩት እሱ ላይ አይሠራም።


ቃለ ጉባኤ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጥሩ ይዘሃል። መለኪያው ቅጥሩ ሳይሆን የኮንትራቱ ጉዳይ ነው። ኮንትራቱ የሚታደሰው "ተተኪ ስላልተገኘ" በሚል ምክንያት ከሆነ ይሄ ሰው ተተኪ ባለመገኘቱ የሚጠቀም ሰው ነው። ፈተናው ላይ ከተቀመጠ ሁሉም አመልካች ቢወድቅ የእሱ ኮንትራት ይታደሳል። ሰውየው ቅዱስ ቢሆን እንኳ እዚያ ወንበር ላይ አታስቀምጠው። ኮንትራቱ ለሌላ ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዶክትሬት ተማሪዎችን ለማስጨረስ፣ እንደማንኛውም አባል ይቀመጥ።

ምስክርም ዳኛም መሆን አይቻልም የሚለውን ለሁሉም አስታውስ። አመልካቹን ያማከረ፣ አብሮት ያሳተመ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈለት ሰው፣ ለቀቀም ቀረ፣ ነጥብ አይሰጥም። ጅማ የራሷን ምርጥ ተመራቂ አስቀርታ ያደገች ናት፤ ስለዚህ ይሄን ብናጠብቅ ስንት መምህር ከኮሚቴ ሊወጣ እንደሚችል አውቃለሁ። የውጭ ፈታኝ ያስፈልጋል የምንለው ለዚህም ነው።


ሆስፒታል ማዶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

በሕክምናው በኩል አንድ ልዩነት ብቻ። አንድ ሰብ ስፔሻሊስት ሲለቅ የሚጎድለው ሎድ ብቻ አይደለም፤ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም፣ የመቀበል አቅሙም አብሮ ይወርዳል፣ የተረኝነት መርሃ ግብሩም ይፈርሳል። ስለዚህ ጋሼ ያሉት ሁለት ገጽ ላይ የሚሠራቸውን የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችና በወር ስንት እንደሚሠራ ይጨመርበት። እዚያ ላይ "ይሄን የሚሠራ ሰው ከሌለ ሬፈር ወደ አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር" ብሎ የጻፈ ሰው ጥያቄው ከሌላው ቀድሞ ይታይለታል። የሚለቀው ሰው በተግባር ፈተናው ላይ ቢታዘብ ግን አልጠላም፤ እጅ ሲንቀሳቀስ የሚያየው እሱ ነው። ታዝቦ ይጻፍ፣ ነጥብ አይስጥ።


ሦስተኛ ዓመት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። አማካሪያቸው የሚለቅባቸው የዶክትሬት ተማሪዎች ተተኪው እስኪቀጠር ይጠብቁ?


መልኮ መንገድ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

አይጠብቁም፣ እንዳትጠብቁ። ለተማሪ ብሎ የሚቀጠር ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ነው፤ "የእኔን ተማሪዎች የሚይዝ ሰው ይቀጠር" ማለት ማስታወቂያውን በጓሮ በር ማጥበብ ነው። የሚለቀው ሰው ከመሄዱ በፊት ረዳት አማካሪው ዋና ይሁን፣ እሱ ረዳት ሆኖ ይቀጥል፤ ይሄ በድኅረ ምረቃ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ጥሬ መረጃውና የናሙናው ዝርዝር በተማሪውም በዲፓርትመንቱም እጅ ቅጂ ይኑር። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ናሙና በማን ስም እንደተለጠፈ ዛሬውኑ ሄደው ይዩ።


ጅሬን | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20

ለአመልካቾች የሚሆን ነገር ከዚህ ውስጥ አለ? የሚለቀውን ሰው ደውሎ መጠየቅ ይቻላል ወይስ ያስጠረጥራል?


ጠያቂ ነኝ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡05

ነጥብ ሰጪ ካልሆነ ደውሉ፣ ማንም አይከለክልም። ከኮሚቴ ሲወጣ ከሚገኙት ጥቅሞች አንዱ ይሄ ነው፤ በነጻነት ያወራል። "ለምን ለቀቁ?" አትበሉ፤ ለዚያ ሁሉም ሰው "የቤተሰብ ጉዳይ" ነው የሚለው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያስተምር፣ ከዚያ ውስጥ በትርፍ ሰዓት የሚከፈለው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የላብራቶሪ ኬሚካል ከተጠየቀ በስንት ወር እንደሚገባ ጠይቁ። ለዶክትሬት የሚልኩት በተራ ነው ወይስ በውድድር፣ እሱንም። ከሦስቱ መልስ የለቀቀበት ምክንያት ራሱ ይወጣል።


ሰነድ ቤት | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡30

ለአዌቱ ዳር የመጨረሻ። ቃለ ጉባኤው ላይ "አቶ እገሌ ተገኝተዋል" ብቻ ተብሎ ቢጻፍ በየአጀንዳው ሁሉ እንደነበረ ይቆጠራል፤ ቅሬታ ሰሚው የሚያየው ያንን ነው። እንዲህ ይጻፍ፦ "ዶ/ር እገሌ መልቀቂያ ያስገቡ በመሆኑ በአጀንዳ 3 ላይ የጽሑፍ አስተያየታቸውን በ2 ገጽ አቅርበው ከቀኑ 8፡40 ላይ ከስብሰባው ወጥተዋል፤ በአጀንዳ 4 ላይ ተመልሰዋል።" ምልዓተ ጉባኤው እሳቸው ሳይቆጠሩ መሙላቱንም ጻፉ። 9 አባላት ካሉ ከግማሽ በላይ ማለት 5 ነው፤ እሳቸው ሲወጡ የቀሩት 4 ከሆኑ አጀንዳ 3 ላይ የተወሰነው ሁሉ ፈራሽ ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ ግማሹ መምህር ፈተና እየፈተነ ስለሆነ ይሄ ይገጥማችኋል፤ አጀንዳውን ግንቦት ላይ ያዙት።


አዌቱ ዳር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

5 ሰው። ይሄን ማንም አላሰበውም ነበር። ሰኞ ጠዋት የስም ዝርዝሩን እቆጥራለሁ፤ ሞዴል 22 ላይ ያለውንም ከንብረት ክፍል አወጣለሁ።